ጭራ ያዥ

ጋዲሴ ሰው ቤት ገብታ ውሃ ስጡኝ ብላ አታውቅም። ጉሮሮዋ ቢደርቅ፣ ምላሷ ከላንቃዋ ቢጣበቅ፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው አስበው እስኪያቀርቡላት ትጠብቃለች። ሲያቀርቡላትም ሁለት ጊዜ «ኧረ ተዉ፣ አሁን ጠጥቼ ነው የወጣሁት» ትላለች። በሦስተኛው ትቀበላለች። አመሏን የሚያውቁ ጎረቤቶቿ እየሳቁ ሦስት ጊዜ ይለምኗታል። በደህና ዘመን እንዲህ ያለው አመል ለሴት ልጅ ጌጥ ነው፤ ዘንድሮ ግን ዘመኑ ደህና አልነበረም።

ቤቷ ከመልካሳ ወደ ዴራ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ግራርና ቁልቋል ከሞላው ሜዳ ላይ ነው። ያለፈው ክረምት ሁለት ሳምንት ዘነበና ተሰናበተ፤ ቦሎቄው አበባ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። በልጉ ደግሞ ጭራሽ አልመጣም። ከጥር እስከ ሚያዝያ አንዲት ደመና ብትታይ እንኳ ወደ አርሲ ተራራ ስታልፍ ነው፤ ለቆላው ሰው ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ትሄዳለች። ሰው ጠዋት በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ያንን ተራራ ነው። እዚያ ላይ ለምለም አለ፤ እዚያ ላይ የስንዴና የገብስ ጭድ ተከምሯል፤ በሚኒባስ ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው። ደጋን እያዩ ቆላ ላይ መቃጠል ከፀሐዩ የባሰ ያንገበግባል።

ቀኑ በውሃ ወረፋ ይጀምራል። ቦኖው የሚከፈተው በሦስት ቀን አንዴ በመሆኑ ቢጫ ጀሪካኖች ጎህ ሳይቀድ ይሰለፋሉ፤ ጀሪካን ያነሰው ድንጋይ አስቀምጦ ተራ ይይዛል፤ በድንጋይ ደግሞ የሚጣላ ሰው አይጠፋም። ከዚያ ቁልቋል ይቆረጣል። ጋዲሴ እሾሁን በእሳት ለብልባ፣ ቀዝቀዝ ሲል በገጀራ ትከታትፈዋለች፤ ከብት የሚበላው ያንን ነው። አህያና ጋሪ ያለው ወንጂ ድረስ ሄዶ የሸንኮራ ጫፍ ይለቅማል፤ የሌለው ስለ ቁልቋሉ ተመስገን ይላል። አምስት ሰዓት ሲሆን ቆርቆሮው መንጣጣት ይጀምራል፣ ሰዉም ወደየቤቱ ይገባል፤ ውጭ የሚቀረው ከብትና አቧራ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ አውሎው ሜዳውን እየዞረ የሰው ልብስ፣ የሰው ምሳ፣ የሰው ዓይን ሳይል ይገባበታል። እንዲህ ሆኖ አራት ወር ሄደ።

ጋዲሴ አንዲት ላም ነበረቻት፤ ነበረቻት ማለት ግን ልክ አይደለም። ዳለቻ የሚሏት ይህች አመድማ ላም የመርዳሳ ናት። መርዳሳ የጋዲሴ ሟች ባል የአጎት ልጅ ሲሆን፣ ሁሩታ ላይ ስንዴ የሚያርስ፣ ስሙ የሚከበር ሰው ነው። በኦሮሞ ወግ ደበሬ የሚባል ነገር አለ፤ ላም ያለው ላም ለሌለው ዘመዱ አንዲቱን ይሰጠዋል። ተቀባዩ ወተቱን ይጠጣል፣ ይጠብቃታል፣ ያበላታል፤ ላሚቱና የምትወልደው ግን የሰጪው ናቸው። የዛሬ ስድስት ዓመት የጋዲሴ ባል ጆቴ ሲሞት፣ በአርባው ቀን መርዳሳ ዳለቻን ከሁሩታ በእግሩ እየነዳ አወረዳትና ከአጥሩ ጋር አሰራት። ከዚያ በተሰበሰበው ሰው ፊት ቆሞ፣

«ጋዲሴ፣ ይህችን ላም ሰጥቼሻለሁ። እኔ ስለ እሷ አልጠይቅሽም፤ መጥቼም አልቆጣጠርሽም። አንቺ ስትነግሪኝ ብቻ እሰማለሁ» አለ።

ሽማግሌዎቹ መረቁት። ደበሬ ሰጥተው በየወሩ የላሚቱን ጎን ሊዳስሱ የሚመጡ ሰዎች ስላሉ፣ የመርዳሳ ቃል የትልቅ ሰው ቃል ነበር። ጋዲሴም በልቧ የራሷን ቃል ገባች። ለዚህ ሰው ደስታ እንጂ ብሶት ይዤ ደጁን አልረግጥም አለች። ዳለቻ ሁለት ጊዜ ስትወልድ ሁለቱንም ጥጆች አሳድጋ፣ ከቅቤ ጋር ራሷ ወስዳ አስረከበች። ሁለቱም ቃል መልካም ነበር። ሁለት መልካም ቃል ፊት ለፊት ሲቆም ግድግዳ ሊሆን እንደሚችል ግን ማንም አላሰበም።

የላሟ ወተት የሚሄደው ለዱሬቲ ነው። ዱሬቲ የጋዲሴ የልጅ ልጅ ስትሆን ሦስት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ሀሴት ላንጋኖ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች። ሀሴት ስትደውል የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «እማዬ፣ ወተት ትጠጣለች?» ጋዲሴም «ትጠጣለች» ትላለች። እስከ የካቲት እውነት ነበር። በመጋቢት ከዳለቻ ጡት የሚገኘው አንድ ስኒ ሆነ፤ በፋሲካ ዋዜማ ስኒውም አልሞላ አለ።

መርዳሳ የደወለው በፋሲካ ዕለት ነው። ስልኩን ለማንሳት ጋዲሴ ከቤት ወጥታ ኔትወርክ የሚይዝበት ግራር ሥር ቆመች።

«አካም ጅርታ ጋዲሴ? እንኳን አደረሰሽ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን ኦቦ መርዳሳ። እርስዎ እንዴት ነዎት? ቤቱ ሁሉ ደህና?»

«ነጋ ነው፣ ሰላም ነን፣ ገለታ ለዋቃ። ልጅቷስ ነጋ?»

«ነጋ።»

«ጎረቤቱስ ነጋ?»

«ነጋ።»

መርዳሳ ትንሽ ዘገየና፣ «ሎን ነጋ?» አለ። ከብቱስ ደህና ነው ማለቱ ነው።

ጋዲሴ ከቆመችበት ዳለቻን ታያት ነበር። ላሚቱ አንገቷን አጥሩ ላይ ጥላ ቆማለች፤ የጎድን አጥንቷ ከሩቅ ይቆጠራል። ጋዲሴ ግን «ነጋ» አለች። ሰላምታ ነዋ! ለሰላምታ መልሱ አንድ ነው፤ ቤቱ እየተቃጠለበት ያለ ሰው እንኳ መጀመሪያ ሰላም ነው ይልና ከዚያ ነው እሳት አጥፉልኝ የሚለው። መርዳሳም ይህን ያውቃልና ያንን «ከዚያ» ጠበቀ። ሲያጣው ራሱ በር ከፈተላት።

«እኛ ጋ እንኳ ዘንድሮ ጭዱ መልካም ነው። የሚበላው ከብት ነው የሌለው፤ ያው ልጁን ስድር ሸጥኳቸው።»

«ተመስገን ነው። እግዜር ጨምሮ ይስጣችሁ» አለች ጋዲሴ።

ከዚያ ተመራረቁና ስልኩ ተዘጋ። ጋዲሴ ነገሩ የገባት ቤቷ ደፍ ላይ ስትደርስ ነው፤ ሰውዬው ጭድ አለ ያላት ለወሬ አልነበረም። ተመልሳ ልትደውል ስልኩን አወጣች፤ ቁጥሩ ላይ ጣቷን አሳረፈች፤ መልሳ ኪሷ ከተተችው። አሁን ደውዬ ጭድ ብል፣ ጭድ አለኝ ሲል ሰምታ ተንሰፈሰፈች አይልም ወይ? ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ለጋዲሴ የቀረባት ደጃዝማችነት አልነበረም፣ ጭድ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት ዳለቻ ከተኛችበት መነሳት አቃታት።

ከብት መውደቅ በሰፈሩ አዲስ ነገር አልነበረም። ከመጋቢት ጀምሮ ወንዶቹ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ከቤት ቤት እየዞሩ የወደቀ ከብት ያነሳሉ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ማንሳት ከንቱ ድካም ነው፤ ላሚቱም ሰዉም ሙቀቱ ያዝለዋል። ባዶ ጆንያ በሆዷ ሥር ያሳልፉና ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ይይዛሉ፣ አንዱ ቀንዷን ይደግፋል፣ አንዱ ጭራዋን ወደ ላይ ይስባል። ከቆመች በኋላ እግሯ ደም እስኪዘዋወርበት ያሹላታል። ብዙዋ ትቆማለች፤ አንዳንዷ አከርካሪዋ በእጃቸው ላይ ይሰበራል። ለዚህ ሲባል የማይጣስ ሕግ ነበራቸው፤ ጭራ የሚይዘው ባለቤቱ ወይም ላሚቱን በአደራ የያዘው ነው። ባለቤቱ ጭራ ካልያዘ ላም አይነሳም። ኋላ ላይ «ላሜን ገደላችሁብኝ» የሚል ነገር እንዳይመጣ ነው።

የአንሺዎቹ አለቃ ጉቱ ነው። ጉቱ ደረቱ ሰፊ፣ አፉ ደግሞ ከደረቱ የሰፋ፣ ከሀዘን ቤት እንኳ ሳቅ የማይጠፋበት ሰው ነው። በዚያ ሐሙስ ከአምስት ሰዎች ጋር ሲመጣ፣

«ጋዲሴ፣ እንግዲህ አንቺም ደንበኛችን ሆንሽ» አለ። «ሐኪም አይደለሁም፣ ክሬን ነኝ። ነይ ጭራሽን ያዢ።»

ጋዲሴ ጭራ ያዘች፤ ዳለቻም ቆመች። በማግስቱም ወድቃ ተነሳች፣ ቅዳሜም፣ እሁድም። ጋዲሴ እጇ ላይ የላሚቱ ክብደት በየቀኑ እየቀለለ ሲሄድ ይሰማት ነበር። ለወንዶቹ ቀለላቸው፤ እሷን ግን ያስፈራት ይኸው መቅለሏ ነበር። ሰኞ ዕለት ጉቱ አልቀለደም። ጆንያውን እያጠፈ ወደ እሷ ጠጋ አለና፣

«ይህች ላም መነሳት አይደለም የቸገራት፣ መብላት ነው» አላት። «ባለቤቷ ያውቃል?»

«ያውቃል» አለች ጋዲሴ።

«ታዲያ ምን ይላል?»

«እያሰበበት ነው።»

ውሸት ነበር። ግን እውነቱን ብትናገር በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ፣ መርዳሳ ላም ሰጥቶ መኖ ነፈጋት ይላል። የእሷ ስም ቢጎድፍ ግድ የላትም፤ የዚያ ሰው ስም በእሷ ምክንያት እንዲጎድፍ አትፈልግም። ከአጥር ወዲያ ያለችው ጎረቤቷ ሙሉዬ ግን የዋዛ ሴት አይደለችም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለች እያሾፈች። «ያንቺዋስ ሰማይ አይደለችም፣ ሁሩታ ነች። አፍ የለሽም እንዴ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።» ጋዲሴ ፈገግ ብላ አለፈቻት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጋዲሴ ማንሻውን ጆንያ ለማራገፍ ስታነሳው አንዱ ጫፉ የለም። አገላብጣ አየችው። ታኝኳል። ዳለቻ እየተነሳችበት የነበረውን ጆንያ እየበላችው ነበር። ጋዲሴ እዚያው አቧራው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። የጆቴን ሞት ያለቀሰችው በሰው መሃል፣ በወጉ ነበር፤ ይሄኛው ወግ አልነበረውም፣ እንደ ልጅ ነው የተንሰቀሰቀችው። ዱሬቲ መጥታ ትከሻዋ ላይ ተንጠለጠለችና «አዬ፣ ማን መታሽ?» አለቻት። ያን ጊዜ ጋዲሴ ነገ ሁሩታ እሄዳለሁ አለች። ለራሷ ነው ያለችው፤ ለሌላ ሰው አልነገረችም።

ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስትወጣ ዳለቻ በአራት እግሯ ቆማ አገኘቻት። ከስምንት ቀን በኋላ መጀመሪያ ጊዜዋ ነው። አጥሩን ተደግፋ ነው፣ ግን ቆማለች። ጋዲሴ ልቧ በደስታ ዘለለ፤ መንገዴን ሲያቃናልኝ ነው አለች። ዛሬ ማንሳት ስለማያስፈልጋት ጉቱን መጠበቅ አያስፈልግም። ዱሬቲን ለሙሉዬ አስረክባ፣

«አዳማ ገበያ ደርሼ ልምጣ» አለቻት።

«በባዶ ዘንቢል?» አለች ሙሉዬ።

«የምገዛው ትንሽ ነገር ነው።»

አስፋልቱ ላይ ስትደርስ ሙሉዬ እንዳታያት ግራሮቹን ተከልላ ቆመች፤ የሚኒባሱ አቅጣጫ የአዳማ አልነበረምና። ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት እንደ ሌባ ተደብቃ መኪና ስትጠብቅ ማየት ያሳዝናል፤ ያናድዳልም።

ስልኳ የጮኸው ሚኒባሱ ዴራ ቆሞ ሰው ሲጭን ነው። ሙሉዬ ናት። ጋዲሴ ልታነሳ ስትል ረዳቱ ከበሩ ወጥቶ «ሁሩታ! ሁሩታ! ሁለት ሰው! ሁሩታ!» እያለ ማንባረቅ ጀመረ። አሁን ብታነሳው ሙሉዬ ሁሉንም ትሰማለች። ዱሬቲ ናፈቀችኝ ብላ አልቅሳ ይሆናል፣ ኋላ እደውላለሁ ብላ ድምፁን አጠፋችው። ስልኩ እጇ ውስጥ እንደገና ተንቀጠቀጠ፤ ሦስተኛ ጊዜም ተንቀጠቀጠ። ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችውና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ሁሩታ ስትወርድ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር። መሬቱ ላይ አረንጓዴ ነገር አየች፤ ዓይኗን ማመን አልቻለችም፤ ከዚያ ተናደደችበት። የመርዳሳ ሚስት ቡዜ በሩን ስትከፍትላት እልል ለማለት ምንም አልቀራትም፤ አቅፋ አስገባቻት። ግቢው ውስጥ ከበረቱ አጠገብ በሸራ የተሸፈነ የጭድ ክምር አለ፤ ቤት ያክላል። ጋዲሴ ዓይኗን ቶሎ ከሱ ላይ አነሳች፤ ያየች እንዳትመስል።

መርዳሳ መጣ፣ ሰላምታው ተጀመረ፣ ሰላምታው አለቀ። ሻይ ቀረበ፤ «ኧረ ተዉ፣ ቤቴ ጠጥቼ ነው የወጣሁት» አለች። እንደገና ቀረበ፤ እንደገና እምቢ አለች። በሦስተኛው ብርጭቆውን ተቀበለችና ሳትጠጣው፣ ዓይኗን ብርጭቆው ላይ ተክላ፣

«ኦቦ መርዳሳ፣ ዳለቻ እየሞተች ነው» አለች።

እንዲህ በግልጽ የተናገረችው ነገር በስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። መርዳሳ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ፊቱ ላይ ቁጣ ትጠብቅ ነበር፤ ያየችው ግን እንባ ነው።

«ይህን ቃል ከጥር ጀምሬ ስጠብቅ!» አለ። «እኔ አልጠይቅሽም ብዬ በሰው ፊት የማልኩ ሰው ነኝ። ጭድ ልላክ ብል፣ ላሜን ማብላት አቃታት ማለቴ ነው የሚመስለው። ልምጣ ብል ልቆጣጠር ነው የሚመስለው። በፋሲካ ዕለት ጭድ አለ አልኩሽ። ምን ላድርግ?»

«ያ ጭድ የዳለቻ ነው» አለች ቡዜ፤ እሷ ከሁለቱም የተለየች፣ ነገር ጉሮሮዋ ላይ የማይቆይባት ሴት ነች። «ሽጥ ብለው አልሸጥም አለ። ስጥ ብለው አልሰጥም አለ። እስክትጠይቀኝ አለ። አንቺ ደግሞ እስኪሰጠኝ አልሽ። እኛ እንደሆን አንዲት ጊደር ናት የቀረችን፣ ጭዱን ማን ይብላው? እናንተ ሁለታችሁ ስትከባበሩ ላሚቱን አሰባችኋት?»

መርዳሳ ባርኔጣውን አንስቶ መኪና ሊፈልግ ወጣ።

ኑሬ የሚባል የሰፈሩ ልጅ አይሱዙ አለው። ግማሽ ቀን ሳይሞላ ጭዱ ተጫነ፣ መርዳሳ ከጋዲሴ ጋር ጋቢና ገባ። ቁልቁለቱን ሲጨርሱ ሙቀቱ ልክ እንደ ምድጃ አፍ ፊታቸውን ለበለባቸው። ከጭነቱ እየተመዘዘ የሚበረው ጭድ አስፋልቱ ላይ ይበተናል፤ በየመንገዱ ዳር ያሉ ከብቶች ቀና እያሉ መኪናውን በዓይናቸው ይሸኙታል። ጋዲሴ መናገር ጀምራ ነበርና ማቆም አቃታት፤ ስለ ስኒው ወተት፣ ስለ ጆንያው፣ ስለ ጠዋቱ መቆም ነገረችው። «ዛሬ ብቻዋን ነው የቆመችው፣ ያዩዋታል» አለችው። ከብዙ ወር በኋላ መጀመሪያ ጊዜዋ ነው፤ ደስ ብሏት ነበር።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ግቢዋ በር ላይ ደረሱ። ወንዶቹ በዚያ ፀሐይ ግራሩ ሥር ቆመዋል። ጉቱ ቢላዋ እያጠበ ነበር። አጥሩ ላይ የዳለቻ አመድማ ቆዳ፣ እርጥቡ ወደ ላይ ሆኖ ተሰጥቷል።

ጋዲሴ ከጋቢናው ወርዳ በሩን እንደያዘች ቆመች። መጀመሪያ የተናገረችው ሙሉዬ ናት።

«አንቺ እንደሄድሽ ነው የወደቀችው። እግርሽ እንደወጣ። ሦስት ጊዜ ደወልኩልሽ እኮ!»

ጉቱ ቢላዋውን አስቀመጠ። ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረበትም።

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጣን። ጭራ ያዧ የት ናት ስል አዳማ አሉኝ። ሙሉዬ ጭራውን እኔ ልያዝ አለች፤ እኔ ነኝ የከለከልኳት። የሰው አደራ ነች፤ ያንቺ ብትሆን ደፍሬ ባነሳሁ፣ የደበሬ ላም ግን ማን ይደፍራል? በእጃችን ላይ ብትሰበርስ? አንቺ በስልክ ‹አንሷት› ብትዪን ይበቃን ነበር። አንዲት ቃል ነው የጠበቅነው። ፀሐይ ወጣች፣ ሌሎቹን ቤቶች ማዳረስ ነበረብን። ስመለስ ዓይኗ ተገልብጧል። ጥንብ ሆና ከምትቀር ብለን አረድናት።»

ጋዲሴ የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታች። ስልኩ ላይ ሦስት ጥሪ አለ። አየችውና መልሳ ቋጠረችው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ መርዳሳ ባርኔጣውን አውልቆ። «ቀድሜ መላክ ነበረብኝ።»

«ኧረ የኔ ነው ኦቦ» አለ ጉቱ። «ማንሳት ነበረብኝ።»

«እኔም ብሆን ዝም ብዬ መያዝ ስችል …» ብላ ሙሉዬ ጀመረች።

«ተዉኝ!» አለች ጋዲሴ። ድምፅዋ እንደዚያ ሲወጣ የሰማ ሰው በሰፈሩ አልነበረም፤ ዱሬቲ ደንግጣ የሙሉዬን ቀሚስ ያዘች። «እባካችሁ ለኔ ብላችሁ ጥፋት አትሻሙ! ጥፋቱ የኔ ነው። ስልኩን ያላነሳሁት እኔ ነኝ። አዳማ ነው የምሄደው ያልኩት እኔ ነኝ። በፋሲካ ላሟ ደህና ናት ያልኩት እኔ ነኝ። ጆንያ ማኘኳን ያየሁትም እኔ ነኝ፣ ያን ጊዜም ነገ አልኩ።»

ኑሬ ከመሪው ላይ ሆኖ በመስኮት ብቅ አለና፣ ነገሩ ሳይገባው ወይ ገብቶት ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት፣ «እናቴ፣ ጭዱን የት ላራግፈው?» አላት።

«ለጉቱ ላሞች» አለች ጋዲሴ ዞር ሳትል። «ቀሪውን ለወደቀባቸው ሁሉ።» ከዚያ መርዳሳ ፊት ሄዳ ቆመች። በስድስት ዓመት ውስጥ ቀጥ ብላ ዓይኑን አይታው አታውቅም ነበር።

«ኦቦ መርዳሳ፣ ጊደሯን ይስጡኝ። ይህች ልጅ ወተት የላትም። ለእናቷ በየሳምንቱ ትጠጣለች እያልኩ እዋሻለሁ። ዝናቡ ከመጣ አሳድጋታለሁ፣ ካልመጣም በራሴ አፍ በቀኑ እነግርዎታለሁ። ዛሬ ነው የምጠይቅዎ፤ ነገ ይህን ልብ አላገኘውም።»

«እሺ» አለ መርዳሳ ወዲያው። ፈጠን ብሎ ነው ያለው፤ ሰው በቆመበት፣ እርጥብ ቆዳ በተሰጣበት ግቢ ሌላ ምን ይባላል? «እሺ፣ እሺ ጋዲሴ። ምን ቸገረኝ።»

ሽማግሌ የሆኑት አንድ ሁለት ሰዎች ሊመርቁ እጃቸውን ማንሳት ጀመሩ። ጋዲሴ ግን በዓይኗ አስቆመቻቸው። ቤቱ ያለችው አንዲት ጊደር እንደሆነች ሰምታለች፤ ቡዜ ምን እንደምትል ታውቃለች፤ እሷም ዕድሜዋን ሙሉ «ነጋ» ስትል የኖረች ሰው ስለሆነች የዚያን «እሺ» ዓይነት በደንብ ታውቀዋለች።

«እውነትዎን ነው?» አለችው ቀስ ብላ። «ወይስ ሰው ስላለ ነው?»

መርዳሳ ባርኔጣውን በሁለት እጁ እያዞረ መኪናው ላይ ያለውን ጭድ ተመለከተ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጋዲሴ አንድ ምርቃት ጣል አድርጋ ከጭንቁ ታወጣው ነበር። ዛሬ ምንም አላለችለትም፤ ፀሐዩ ላይ ቆማ መልሱን ጠበቀች።